ምዕራፍ አምስት፦ እሳት የማይነካው ብቅል

ጠላ ጠማቂ እሳት አትፈራም። እንኩሮውን ምጣድ ላይ እያገላበጠች ጠቆር እስኪል ታምሰዋለች፤ ጋኑን በወይራ ጭስ ታጥናለች፤ ቂጣ ከጋገረችም ጠርዙ ቢያር ግድ የላትም። ብቅሉ ላይ ስትደርስ ግን ጠባይዋ ይለወጣል። ብቅል ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ ከዚያ ጥሬውን ጥንስሱ ውስጥ ይገባል። አንዳንድ ቤት ለብ ቢያደርጉት እንኳ እንደ እንኩሮው አያከስሉትም። ለምን ብትሏት እናቷም እንዲህ ታደርግ እንደነበር ትነግራችኋለች እንጂ ስለ ፕሮቲን አታወራም። ሥራዋ ግን ልክ ነው። የአውሮፓና የአሜሪካ ኬሚስቶች የዚህን ነገር ምክንያት ለማወቅ ከ1811 እስከ 1926 ድረስ ደክመውበታል። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብቅሉን ራሱን ቀረብ ብለን እንየው። ገብሱ ታጥቦ ውሃ ውስጥ ያድራል። ውሃው ይንጠፈጠፋል፤ እህሉ በኮባ ወይም በሌላ ሰፊ ቅጠል ይሸፈናል፤ ከላይ ድንጋይ ይጫንበታል። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ሲገለጥ እያንዳንዱ ፍሬ ነጫጭ ሥር አውጥቶ ከጎረቤቱ ጋር ተቆላልፏል፤ አንዱን ጫፍ ብትስቡት ሙሉው አብሮ ይነሣል። እጃችሁን ብታስገቡበት ይሞቃል፤ እህሉ እየተነፈሰ ነውና። አንዷን ፍሬ ብታኝኳት ደግሞ ትጣፍጣለች። ከሦስት ቀን በፊት ይኸው ገብስ አልጣፈጠም ነበር፤ ስኳርም ማንም አልጨመረበትም።

ጣዕሙ የመጣው ከስታርቹ ነው። የገብስ ፍሬ አብዛኛው ክብደቱ ስታርች ሲሆን፣ ስታርች ደግሞ በሺህ የሚቆጠሩ የግሉኮስ ሞለኪውሎች ተያይዘው የሠሩት ሰንሰለት ነው። በፍሬው አንድ ጫፍ ላይ የተቀመጠው ፅንስ ይህን ሁሉ ስንቅ ጎኑ ይዞ ሊበላው አይችልም፤ ስታርች በቀዝቃዛ ውሃ ስለማይሟሟ ወደ ፅንሱ ሴሎች አይገባም። ውሃ ሲደርሰው ግን ፅንሱ ጂበሬሊን የተባለ ሆርሞን ይልካል። ከቅርፊቱ ሥር ያለች ስስ የሴሎች ንጣፍ መልእክቱ ሲደርሳት አሚሌስ የሚባል ፕሮቲን ማምረት ትጀምራለች። አሚሌስ የስታርቹን ሰንሰለት እየቆራረጠ ወደ ስኳር ይለውጠዋል። ገበሬው ቢዘራው ኖሮ ይህ ስኳር ቡቃያ ይሆን ነበር። ጠማቂዋ ግን ፅንሱ ስንቁን በልቶ ሳይጨርስ ፀሐይ ላይ አስጥታ ታስቆመዋለች፤ አሚሌሱ ከነሥራው ደርቆ ይቀመጣል።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ መጠየቅ ይገባል። ስታርች ከውሃ ጋር ተገናኝቶ ወደ ስኳር መፈራረሱ ተፈጥሮ የምትፈቅደው ለውጥ ነው፤ ከውጭ የሚገፋው ኃይል አያስፈልገውም። ታዲያ አሚሌስ ባይኖርስ? በአሜሪካ የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲው ሪቻርድ ዎልፈንደን ለእንዲህ ያሉ ጥያቄዎች መልስ ሲፈልግ የኖረ ሰው ነው። በተራ ሙቀት የሚሆነውን መጠበቅ ስለማይቻል ለውጡን በከፍተኛ ሙቀት ለክቶ ወደ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መልሶ ያሰላው ነበር። በዚህ ስሌት ግሉኮስን ከግሉኮስ የሚያስተሳስረው ዓይነት ማያያዣ በንጹህ ውሃ ውስጥ ግማሹ እስኪበጠስ ወደ 5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይወስዳል። ድንቅነሽ አፋር ውስጥ ከኖረችበት ጊዜ እስከ ዛሬ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። በእሷ ዘመን ውሃ ውስጥ ብቻውን የተቀመጠ ስታርች ቢኖር ዛሬም ከግማሽ በላይ ማያያዣው አልተነካም ማለት ነው። ብቅል ያለበት ጥንስስ ግን በቀናት ውስጥ ይጨርሰዋል።

ስለዚህ ስለ አንድ ኬሚካዊ ለውጥ ስናወራ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው ይሆናል ወይ ነው፤ ሁለተኛው መቼ ነው። ካታሊስት፣ ማለትም እንደ አሚሌስ ራሱ ሳያልቅ ለውጥን የሚያፋጥን ነገር፣ የሚመለከተው ሁለተኛውን ብቻ ነው። የሚሆነውን ያፋጥናል፤ የማይሆነውን አያስደርግም። ብዙ ሰው፣ የኬሚስትሪ ተማሪም ጭምር፣ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ወደፊት እመለስበታለሁ።

ታሪኩን ከሴንት ፒተርስበርግ ብንጀምር ይሻላል። በ1811 ጎትሊብ ኪርሆፍ የተባለ ኬሚስት ስታርችን ውሃ በበዛበት ሰልፈሪክ አሲድ ሲያፈላው ጣፋጭ ሽሮፕ ሆነለት። ጊዜው በናፖሊዮን ጦርነት ምክንያት የአገዳ ስኳር በአውሮፓ የተወደደበት ስለነበር የግኝቱ ወሬ ቶሎ ተዳረሰ። ለእኛ የሚጠቅመን ግን ሌላው ነው፦ ሥራው ሲያልቅ አሲዱ እንዳለ ነበር። አልተበላም፣ ስኳሩም ውስጥ አልገባም። ኪርሆፍ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ከእህል የተገኘ ነገርም ያለ አሲድ ይህንኑ እንደሚሠራ አሳየ። በ1833 ደግሞ ፓሪስ ላይ አንሴልም ፓየንና ዣን ፍራንሷ ፐርሶ ብቅል የተዘፈዘፈበትን ውሃ አጥልለው አልኮል ሲጨምሩበት ነጭ ዝቃጭ ወረደ። ያ ዝቃጭ፣ እነሱ እንደለኩት፣ ከራሱ ክብደት 2,000 እጥፍ የሚሆን ስታርች ማሟሟት ይችል ነበር። ዲያስቴስ ብለው ሰየሙት፤ የእኛው አሚሌስ ነው። ዛሬ ኢንዛይም ከምንላቸው፣ ሕያው አካል ከሚሠራቸው ካታሊስቶች መካከል ተለይቶ የወጣ የመጀመሪያው እሱ ነው። የተገኘውም ከብቅል ነው፤ ከሌላ ቦታ ቢሆን ነበር የሚገርመኝ።

ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ ጀርመን ውስጥ በዬና ከተማ ዮሐን ዶበራይነር ሌላ ትርዒት ያሳይ ነበር። ዚንክ ላይ አሲድ አፍስሶ የሚያገኘውን ሃይድሮጅን ብን ባለ ፕላቲነም ላይ ሲነፋው፣ ክብሪት ሳይጫር ጋዙ ነበልባል አወጣ። ይህ በ1823 ነው። ክብሪት ገና ሳይለመድ በፊት ብዙ የአውሮፓ ቤት በዚህ ዘዴ በተሠራ መሣሪያ መብራቱን ይለኩስ ነበር። ፕላቲነሙ አላለቀም፤ ስንት ጊዜ ቢለኮስበት ያው ነው። በ1835 ስዊድናዊው ያኮብ ቤርሴሊየስ እነዚህን የተበታተኑ ወሬዎች፣ የኪርሆፍን አሲድ፣ የዶበራይነርን ፕላቲነም፣ የብቅሉን ዲያስቴስ፣ በአንድ ላይ ሰብስቦ ካታሊሲስ የሚል ስም አወጣላቸው። አንድ ግምትም ጨመረ፦ በእንስሳትና በዕፅዋት አካል ውስጥ እንዲህ ያለ ሥራ በሺህ ዓይነት ሳይካሄድ አይቀርም አለ። ማስረጃ በእጁ አልነበረም፤ የገመተው ግን እውነት ሆነ።

አሁን ወደ ምክንያቱ እንግባ። ሁለት ሞለኪውሎች ስለተገናኙ ብቻ አይለወጡም። አሮጌው ማያያዣ ከመበጠሱ በፊት መለጠጥና መወጠር አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ጉልበት ያስፈልጋል። ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት ስትሄዱ የሚሆነውም ይኸው ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ፤ በጠቅላላው ጉዞው ቁልቁለት ነው። ይሁንና መሐል ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ የሚቆመው ጣርማ በር አለ። ቁልቁል ለመውረድ መጀመሪያ ሽቅብ መውጣት ግድ ነው። የድሮ ነጋዴ ሸክሙን በበቅሎ ጭኖ ገደሉን ይወጣ ነበር፤ በጣሊያን ጊዜ የተቦረቦረው ዋሻ ግን መኪናውን በተራራው ሆድ አሳልፎ ያወጣዋል። ዋሻው ደብረ ብርሃንን አላወረዳትም፣ ሸዋ ሮቢትንም ከፍ አላደረጋትም። የሚወጡትን ዳገት ብቻ ነው ያሳጠረው። ሌላም ነገር አለ፦ ከደብረ ብርሃን ለሚመጣው ብቻ ሳይሆን ከሸዋ ሮቢት ለሚመለሰውም ያው ዋሻ ክፍት ነው። ካታሊስትም ወደፊት የሚሄደውን ለውጥና ወደ ኋላ የሚመለሰውን እኩል ያፋጥናል።

የዳገቱ ከፍታ በፍጥነቱ ላይ ያለው ሥልጣን ከምንገምተው በላይ ነው። ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ በ1889 እንዳሳየው ግንኙነቱ ቀጥ ያለ መስመር አይደለም። ሞለኪውሎች ሁሉ እኩል ጉልበት የላቸውም፤ አብዛኞቹ መካከለኛ ናቸው፣ ዳገቱን ለመውጣት የሚበቁት ጥቂቶች ብቻ ናቸው። ሙቀት ሲጨምር የእነዚህ ጥቂቶች ቁጥር ይበዛል፤ በተለምዶ 10 ዲግሪ ሲጨመር የብዙ ለውጦች ፍጥነት ሁለት እጥፍ ገደማ ይሆናል የሚባለው ለዚህ ነው። ዳገቱን ዝቅ ማድረግ ግን ከማሞቅ ይበልጣል። በክፍል ሙቀት ዳገቱ በ5.7 ኪሎጁል በሞል ሲቀንስ ፍጥነቱ 10 እጥፍ ያድጋል። ሁለት ጊዜ ይህን ያህል ቢቀንስ መቶ እጥፍ፤ ስድስት ጊዜ ቢቀንስ ሚሊዮን እጥፍ። ይህን ሂሳብ የያዘ አንባቢ ከዚህ በኋላ የሚመጡት ቁጥሮች አያስደነግጡትም።

ይህን በዓይን ማየት የሚፈልግ ሰው ከፋርማሲ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይግዛ፤ ቁስል የሚጠረግበት ነው። ይህ ፈሳሽ ጠርሙሱ ውስጥ ተቀምጦ እያለም ወደ ውሃና ኦክስጅን እየተለወጠ ነው፤ ነገር ግን ዳገቱ 75 ኪሎጁል ገደማ ስለሆነ ወራት ይቆያል። ፈሳሹን በሁለት ብርጭቆ ቀንሱ። በአንደኛው ከጥሬ ጉበት ቁራጭ ጣሉበት። ወዲያው አረፋ ይነሣል፣ ብርጭቆው አፍ ድረስ ይሞላል፣ ግድግዳውን ብትነኩት ይሞቃል። ጫፉ ፍም የሆነ ስንጥር አረፋው ላይ ብታስጠጉት መልሶ ይነድዳል፤ የወጣው ጋዝ ኦክስጅን ነውና። አረፋው ሲቆም ፈሳሹን ደፍታችሁ በዚያው ቁራጭ ላይ አዲስ ጨምሩ፤ እንደገና ይነሣል። ጉበቱን አስቀድማችሁ ብትከትፉት ደግሞ ይብስበታል። በሁለተኛው ብርጭቆ የተቀቀለ ጉበት ጣሉ። ምንም አይሆንም። ፈሳሹ ያው ፈሳሽ፣ ጉበቱም ያው ጉበት ነው፤ ልዩነቱ እሳት ብቻ ነው።

ጉበት ውስጥ ያለው ሠራተኛ ካታሌስ ይባላል። ሰውነታችን ኦክስጅን ሲጠቀም ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በራሱ ይፈጠራል፤ ተጠራቅሞ ቢቆይ ሴሎችን ይጎዳል። ካታሌስ ያንን ዳገት በጣም ስለሚያሳጥረው አንዱ ሞለኪውል በሴኮንድ ሚሊዮኖችን ያስተናግዳል። ፕላቲነምም ይህንኑ ለውጥ ያፋጥናል፤ ከካታሌስ ጋር ግን አይወዳደርም። ሲቀቀልስ ምን ነካው? ኢንዛይሞች ከሞላ ጎደል ሁሉም ፕሮቲን ናቸው። ፕሮቲን ደግሞ ረጅም ክር ሲሆን ሥራውን የሚሠራው በልዩ ቅርጽ ተጠቅልሎ ሲቀመጥ ነው። ቅርጹን የያዙት ማያያዣዎች ደካሞች ናቸው፤ ሙቀት ሲበዛ ክሩ ይተረተራል፣ ከሌሎች ክሮች ጋር ይጠላለፋል፣ ወደ ቀድሞው አይመለስም። እንቁላል ሲጠበስ ነጩ የሚረጋው በዚሁ ምክንያት ነው። የጠማቂዋ ጥንቃቄ ምስጢርም ይኸው ነው፦ እንኩሮው ውስጥ ያለው ስታርች ቢታመስ አይጎዳም፣ እንዲያውም ይላላል፤ ብቅሉ ውስጥ ያለው አሚሌስ ግን ቢታመስ ይሞታል። አሚሌስ ከሌለ ስታርቹ ስኳር አይሆንም፤ ስኳር ከሌለ እርሾው የሚበላው የለውም።

የቢራ ፋብሪካዎች በዚህ ላይ ቁጥር አስቀምጠዋል። የተፈጨው ብቅል ውሃ ውስጥ ሲገባ ሙቀቱን 65 ዲግሪ አካባቢ ያቆዩታል፤ ከዚያ ዝቅ ሲል ሥራው ይዘገያል፣ ከ80 ሲያልፍ ኢንዛይሞቹ ያልቃሉ። ብቅል ፋብሪካም ቢሆን የሚያደርቀው በሞቃት አየር ነው፤ ግን እህሉ እርጥብ ሳለ በለዘብተኛ ሙቀት ይጀምርና ከደረቀ በኋላ ብቻ ከፍ ያደርጋል። ደረቅ ኢንዛይም ከእርጥቡ ይልቅ ሙቀት ይችላል።

አሚሌስ ሰንሰለቱን እንዴት ነው የሚቆርጠው? ገጽታው ላይ የግሉኮስ ሰንሰለት የሚገባበት ስርጉድ አለ። ሰንሰለቱ ሲገባ የሚቆረጠው ማያያዣ ትክክለኛው ቦታ ላይ ያርፋል፤ በአንድ ወገን አሲድነት ያለው የፕሮቲኑ ክፍል ፕሮቶን ያቀብለዋል፣ በሌላ ወገን ሌላው ክፍል ከጀርባ ይገፋዋል። ልብ ብላችሁ እንደሆነ ኪርሆፍ በድስት ሲያፈላ የነበረው አሲድም የሠራው ይህንኑ ፕሮቶን ማቀበል ነው። የኪርሆፍ አሲድ ውሃው ውስጥ በየቦታው ተበትኖ ማያያዣውን በዕድል ነበር የሚያገኘው፤ ስለዚህ መፍላት አስፈለገው። አሚሌስ ግን አሲዱን ከሚፈለግበት ቦታ ከአቶም ባነሰ ስሕተት አስቀምጦ ይጠብቃል።

ኤሚል ፊሸር በ1894 ኢንዛይምና የሚሠራበት ነገር እንደ ቁልፍና እንደ ጓጉንቸር ይገጥማሉ ብሎ ነበር። ጥሩ አባባል ነው፤ ግን ጎደሎ ነበር። ላይነስ ፖውሊንግ በ1940ዎቹ እንዳለው ኢንዛይሙ አጥብቆ የሚይዘው ለውጡ ከመጀመሩ በፊት ያለውን ሞለኪውል ሳይሆን ዳገቱ ጫፍ ላይ ደርሶ የተወጠረውን ነው፤ የመጀመሪያውን ቢሆን ኖሮ አጥብቆ ይዞት ይቀር ነበር። ዳንኤል ኮሽላንድ ደግሞ በ1958 ኢንዛይሙ ራሱ ሲይዝ እንደሚታጠፍና እንደሚስተካከል አቀረበ። ሦስቱም ሐሳቦች ዛሬ አብረው ነው የሚኖሩት።

የመገጣጠሙ ጥብቅነት ምን ያህል እንደሆነ ለማየት አውድማ መሄድ ይበቃል። የጤፍ ፍሬና የጤፍ ጭድ ትልቁ ክፍላቸው ከአንድ ዓይነት ግሉኮስ የተሠራ ነው። ፍሬው ውስጥ ስታርች ነው፣ ጭዱ ውስጥ ሴሉሎስ። ልዩነቱ አንዱ ግሉኮስ ከቀጣዩ ጋር በየት አቅጣጫ ተያያዘ የሚለው ብቻ ነው። አሚሌሳችን የመጀመሪያውን ይቆርጣል፣ ሁለተኛውን አይነካውም፤ ስለዚህ ሰው እንጀራ በልቶ ይጠግባል፣ ጭድ ቢበላ ግን ይራባል። በሬውም ቢሆን ጭድ የሚፈጭ ኢንዛይም የራሱ የለውም፤ ጨጓራው ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው የሚፈጩለት።

ኢንዛይም ሕይወት ያለው ነገር ነው ወይስ ተራ ኬሚካል? ይህ ጥያቄ ዘመኑን ሁሉ ሲያጣላ ቆይቷል። ሉዊ ፓስተር መፍላት ያለ ሕያው እርሾ አይሆንም ይል ነበር። በ1897 ኤድዋርድ ቡክነር የእርሾ ሴሎችን ከአሸዋ ጋር ፈጭቶ፣ በመጭመቂያ ጨምቆ፣ አንድም ሕያው ሴል የሌለበት ጭማቂ አወጣ። እንዳይበላሽ ብሎ ስኳር ጨመረበት፤ ጭማቂው ግን አረፋ ማውጣት ጀመረ። ስኳሩ ወደ አልኮል እየተለወጠ ነበር። ቡክነር በ1907 የኖቤል ሽልማት ወሰደ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሩማንያ ግንባር ላይ ቆስሎ በ1917 ሞተ።

ኢንዛይም ከምን እንደተሠራ ያወቀው ግን ጄምስ ሰምነር ነው፤ ከእነዚህ ሰዎች ሁሉ የምወደውም እሱን ነው። ግራኝ ነበር፤ በ17 ዓመቱ አደን ላይ ተመትቶ ግራ እጁን አጣ። አንድ እጅ ያለው ሰው ኬሚስት አይሆንም ብለው መከሩት፣ አልሰማም። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ከ1917 ጀምሮ ጃክ ቢን ከተባለ ጥራጥሬ ዩሪዬስ የሚባለውን ኢንዛይም አጥርቶ ለማውጣት ሞከረ። ዘጠኝ ዓመት ወሰደበት። በ1926 የጥራጥሬውን ዱቄት በአሴቶን አጥልሎ ቀዝቃዛ ቦታ አሳደረው፤ ጠዋት በማይክሮስኮፕ ሲያየው ጥቃቅን ክሪስታሎች ነበሩ። ክሪስታሎቹ ፕሮቲን ሆነው ተገኙ፤ ዩሪያንም በኃይል ያፈራርሱ ነበር። በጊዜው የኖቤል ተሸላሚ የነበረው ሪቻርድ ቪልሽቴተር ኢንዛይም ፕሮቲን አይደለም ባይ ስለነበር ዓለም ለዓመታት ሰምነርን አላመነውም። ጆን ኖርዝሮፕ ፔፕሲንን በ1930 ክሪስታል ሲያደርግ ክርክሩ አበቃ። ሽልማቱ ለሰምነር የደረሰው በ1946 ነው። (ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ አንዳንድ አር ኤን ኤዎችም እንደ ኢንዛይም እንደሚሠሩ ተደረሰበት፤ ከላይ «ከሞላ ጎደል» ያልኩት ለዚህ ነው።)

ዩሪዬስ ለኢትዮጵያ ገበሬ ሩቅ ነገር አይደለም። ዩሪያ የምንለው ማዳበሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ውሃ ውስጥ ብቻውን ቢሟሟ በ25 ዲግሪ ግማሹ እስኪፈርስ 40 ዓመት ገደማ ይፈጃል፤ እንዲህ ቢሆን ኖሮ ሰብሉ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ የልጅ ልጅ ሰብል ይደርስ ነበር። አፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎችና የዕፅዋት ቅሪቶች የሚያመርቱት ዩሪዬስ ግን በቀናት ውስጥ ወደ አሞኒያ ይለውጠዋል። ፍጥነቱ ይጠቅማል፣ ይጎዳልም። ዩሪያው መሬት ላይ እንደተበተነ ከቀረ ዩሪዬሱ ሥራውን እዚያው ላይ ይሠራል፤ አሞኒያው ሥር ሳያገኘው ወደ አየር ይተንናል። የግብርና ባለሙያዎች አፈሩ እርጥበት ሲኖረው ጨምሩ፣ በአፈር አልብሱት የሚሉት ለዚህ ነው። ገንዘብ የተከፈለበት ናይትሮጅን በነፋስ እንዳይሄድ ነው። አንዳንድ አገር ዩሪያውን ዩሪዬስን በሚያዘገይ ነገር ለብጠው ይሸጡታል፤ ካታሊስትን ማፍጠን ብቻ ሳይሆን ማስቆምም ራሱን የቻለ ንግድ ነው። ማላታይን የተባለው ፀረ ተባይ ነፍሳትን የሚገድለው የነርቭ ኢንዛይማቸውን አስሮ ነው፤ ፔኒሲሊን ባክቴሪያን የሚገድለው ግድግዳውን የሚገነባበትን ኢንዛይም ዘግቶ ነው።

ዩሪያው ራሱ የሚሠራው ከአሞኒያ ነው፤ አሞኒያው ደግሞ ከአየር ናይትሮጅን። እዚህ ላይ ነው የገባሁትን ቃል የምፈጽመው፣ ካታሊስት የማይችለውን የማሳየው። የናይትሮጅን ሁለት አቶሞች በሦስት ማያያዣ ተቆላልፈዋል፤ እነሱን መፍታት ከባድ ዳገት ነው። ፍሪትዝ ሃበር በ1909 ካርልስሩኸ ላይ በኦስሚየም ካታሊስት ተሳካለት። ኦስሚየም ግን በዓለም ላይ በጣም ጥቂት ስለሆነ የባስፍ ኩባንያው አልቪን ሚታሽ በሺህ የሚቆጠሩ ድብልቆችን ሞከረ፤ በመጨረሻ የረታው ከስዊድን የመጣ የብረት ማዕድን ነበር፤ አሉሚኒየምና ፖታሲየም ጣል ተደርጎበት። በ1913 ኦፓው ላይ ፋብሪካው ሥራ ጀመረ። ዛሬም የሚሠራው በዚያው የብረት ዘር ነው።

ብረቱ ናይትሮጅንን የሚፈታው 400 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሞቅ ነው። አሞኒያ ደግሞ ሙቀት ሲበዛ ተመልሶ መፈራረስ ይወዳል። ካታሊስቱ በዚህ ክርክር ውስጥ ወገን የለውም፤ የሚሠራውንም የሚያፈርሰውንም እኩል ያፋጥናል፣ የሚያደርሰውም ሚዛኑ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ሚዛኑን በሌላ መንገድ አዘነበሉት፦ ግፊቱን ከ100 ከባቢ አየር በላይ ከፍ አደረጉ፣ የተፈጠረውን አሞኒያ አቀዝቅዘው እያወጡ የቀረውን ጋዝ መልሰው አዞሩ። በአንድ ዙር ወደ አሞኒያ የሚለወጠው ከ10 እስከ 20 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የተሻለ ካታሊስት ቢገኝ ይህን ቁጥር በቀጥታ አያሳድገውም፤ በዝቅተኛ ሙቀት መሥራትን ይፈቅዳል፣ በዝቅተኛ ሙቀት ደግሞ ሚዛኑ ራሱ የተሻለ ነው። ኬሚስቶች መቶ ዓመት ሙሉ የሚፈልጉት ያንን ነው።

ያ ካታሊስት ባቄላ ሥር ላይ አለ። ሪዞቢየም የተባሉት ባክቴሪያዎች ናይትሮጂኔስ የሚባል ኢንዛይም አላቸው፤ ብረትና ሞሊብዲነም የያዘ ነው፤ ናይትሮጅንን ወደ አሞኒያ የሚለውጠው በአፈር ሙቀትና በተራ የአየር ግፊት ነው። ከስንዴ በኋላ ባቄላ፣ ከጤፍ በኋላ ሽምብራ የሚያፈራርቅ ገበሬ ከአባቶቹ የተቀበለውን ሲሠራ ይህን ኢንዛይም እያሠራ ነው። በነፃ ግን አይደለም። አንድ ሞለኪውል ናይትሮጅን ለመፍታት ሕዋሱ ኤ ቲ ፒ ከተባለው የሴል ነዳጅ ቢያንስ 16 ሞለኪውል ያወጣል፤ ሒሳቡን ባቄላው ከራሱ ስኳር ይከፍላል። ለዚህ ነው ዩሪያ በብዛት የተበተነበት ማሳ ላይ ያለ ባቄላ ሥሩ ላይ እባጭ ብዙም የማያበጀው፤ ናይትሮጅን ደጁ ላይ ካለ ስኳሩን ለባክቴሪያ የሚከፍልበት ምክንያት የለውም። ኢንዛይሙ ሌላም ድክመት አለበት፦ ኦክስጅን ያበላሸዋል። ተክሉ በእባጩ ውስጥ ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር የሚዛመድ ቀይ ፕሮቲን አዘጋጅቶ ኦክስጅኑን እየቆጠበ ያቀብላል።

ስለዚህ ማሳው ላይ ሥራው እየተሠራ መሆኑን ማወቅ ቀላል ነው። ባቄላው ማበብ ሲጀምር አንድ ተክል ከነአፈሩ በመቆፈሪያ አውጡ፤ መንቀል እባጮቹን አፈር ውስጥ ያስቀራቸዋል። አፈሩን በውሃ አጥባችሁ ትልልቆቹን እባጮች በጥፍር ክፈሉ። ውስጡ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ ናይትሮጂኔሱ እየሠራ ነው። አረንጓዴ ወይም ግራጫ ከሆነ አርጅቷል፣ ነጭ ከሆነ ገና አልጀመረም ወይም የገባው ባክቴሪያ ሰነፍ ነው። እባጩ ነጭ በሆነበት ማሳ ላይ ለሚቀጥለው ዓመት ከዘሩ ጋር የሚቀላቀለውን፣ በከረጢት ታሽጎ የሚሸጠውን ሕያው ማዳበሪያ መሞከር ያዋጣል። ከረጢቱ ግን ፀሐይ ላይ አይቀመጥም፣ ዘሩም ጥላ ሥር ታሽቶ ወዲያው ይዘራል፤ ከዩሪያ ጋር በአንድ ዕቃ አይደባለቅም።